የስልሳ ስምንት ቁጥር ክዳን

በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ኑረዲን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ፉአድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይወጣል፣ ይገባል። አናጺው ተካ መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው ይነቅላል። ልጄ ረድኤት ዕቃ ልታግዘኝ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች። አምስተኛዋ እኔ ዘነበች ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ አስካለም ነበሩ ብል ደስ ባለኝ፤ እሳቸው ግን ካረፉ ቆይተዋል። የነበረው ነጭ ጋዋናቸው ብቻ ነው፤ እሱም ምስማር ላይ እንደተሰቀለ።

ሱቁ ካዛንቺስ ያለ ሽቶ ቤት ነበር። ሰፈሩ ሊነሳ ስለሆነ ልቀቁ ተብለን ዕቃ እያወጣን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ሥራ የለኝም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምድጃውን አጥፍቻለሁ ወይ እያልኩ ሦስት ጊዜ የምነሳ ጡረተኛ ሆኛለሁ። ረድኤት «ማሚ፣ በቃ ዝም ብለሽ ከምትጨነቂ ያሳለፍሽውን ጻፊው» አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም እጄ የሠራውን እጄ ይጽፈዋል ብዬ ጀመርኩ። ደግሞም ያን ዕለት ከመደርደሪያው ጀርባ የአንዲት ሴት ንብረት ተገኝቷል። ሴትየዋን በድያታለሁ፤ እየፈለግኋትም ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ሥራ የጀመርኩት ለገሃር ነው። ጋሽ ኑረዲን ያኔ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ሽቶ ቤት ነበረቻቸው። የተቀጠርኩት ወለል ልጠርግና መስታወት ልወለውል ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ከፊት የሚሸጠው የዘመኑ ሽቶ፣ የፀጉር ቅባትና ሳሙና ነው። ከመጋረጃው ኋላ ግን እትዬ አስካለ አሮጌ የፈረንሳይ ሽቶ ጠርሙሶችን ከበው ተቀምጠዋል።

እነዚያ ጠርሙሶች ከየት መጡ የሚል ሰው ይኖራል። ድሮ በምድር ባቡሩ ምክንያት እዚያ አካባቢ ፈረንሳዮች ይኖሩ ነበር። ወይዛዝርቱ አገራቸው ሲገቡ ዕቃቸውን ይሸጣሉ፣ ለሠራተኛቸው ይሰጣሉ፣ ለልብስ ሰፊያቸው ትተው ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ የወጣ ጠርሙስ በስንቱ ቤት ቡፌ ላይ ተቀምጧል መሰላችሁ! ሲጣበቅ፣ ሲደፈርስ፣ ካርቶኑ ሲገነጠል ወደ እኛ ይመጣል። ሊሸጠው የፈለገም ያመጣዋል። እትዬ አስካለ ራሳቸው በልጅነታቸው ጠርሙስ በምትሰበስብ በአንዲት ፈረንሳዊት ቤት ሠርተዋል፤ አያያዙን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ለዚህ ነው ሰው «ማዳም አስኩ» የሚላቸው። ሲሏቸው ይቆጣሉ፤ ካላሏቸው ደግሞ ይከፋቸዋል።

መጋረጃውን ገልጬ የገባሁ ቀን አቧራ ላራግፍ ብዬ አንዱን ጠርሙስ በክዳኑ አንጠልጥዬ አነሳሁት።

«አስቀምጪው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ።

አስቀመጥኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ሆዴ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ረድኤትን ያረገዝኩበት ጊዜ ነበር።

«ስትወልጂ ሕፃኑን በአንገቱ ነው የምታነሺው?»

«ኧረ በስመ አብ፣ እትዬ!»

«እንግዲያው ታቹን ደግፊ።»

የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ብዙም አልያዝኩትም።

እትዬ አስካለ ሥራ ሲጀምሩ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። እጃቸውን ሽታ በሌለው ቁራጭ የልብስ ሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። ጠዋት ሽንኩርት አይቀምሱም። ነጭ ፎጣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ ያነጥፉና ጠርሙሱን መሃሉ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ አይነኩትም። አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል ጊዜ ዝም ብለው ያዩታል። አንድ ቀን ምን እየጠበቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የት የት እንደታመመ እስኪነግረኝ ነው» አሉኝ። እጃቸው መስታወት ላይ ሳለ ደግሞ ሰው አያናግሩም። ጋሽ ኑረዲን እንኳ መጋረጃውን ገልጠው ካዩዋቸው መልሰው ይዘጉታል።

«ሽቶው ባለቤት ነው፤ ጠርሙሱ ቤቱ፣ ካርቶኑ ግቢው» ይሉ ነበር። «ግቢውን ሳያሳምር እንግዳ የሚጠራ የለም።» መጀመሪያ ፉከራ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ሲለምድ ነው የገባኝ። እንደ ቀሚስ ሽንሽን ያለው ጠርሙስ አለ፤ ሽንሽኑ ከታች ሰፍቶ ወደ አንገቱ ሲወጣ እየጠበበ ይሄዳል፤ ወደ ብርሃን ስታዞሩት በእያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ ሽቶው ሌላ ቀለም ያወጣል። ግማሹ እንደ ጉም የደበዘዘ፣ ግማሹ ጥርት ያለ አለ። ዙሪያውን አበባ የተቀረጸበት ደግሞ አለ፤ በአበባው ጎድጓዳ ውስጥ ሆን ብለው ቡናማ ቀለም አብሰውበታል፣ ቅጠሉ ከመስታወቱ ብድግ ብሎ እንዲታይ። ስንቱ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያንን ቀለም በስፒርቶ ፈትጎ አጥፍቶታል! ሲያመጡልን እትዬ አስካለ «ዓይኑን ኩሉን አጠቡበት» ይላሉ።

ካርቶኑም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው እንደ መስኮት በሁለት ክንፍ የሚከፈተውን ነበር። ከውጭ ግራጫ ነው፤ ምንም አይናገርም። ስትከፍቱት ውስጡ ቢጫ ሳቲን ነው፤ ሳቲኑ በጠርሙሱ ቅርጽ ልክ ጎድጉዷል። ጠርሙሱ ሲወጣ ሰው የተነሳበት አልጋ ይመስላል። የተላጠ ሳቲን የምንለጥፈው ራሳችን በምናፈላው የዱቄት ሙጫ ነው፤ ነቀዝ እንዳይገባበት ቅርንፉድ እንጨምርበታለን። የተበጠሰ ዘርፍ የምቀጥለው ከሽሮ ሜዳ በማመጣው የጥለት ክር ነው። ቀለሙን ለማግኘት አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። ወርቅ ቅብ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ግን አንነካውም፤ በትንፋሻችን አቧራውን እፍ ብለን እናልፈዋለን።

ጠርሙስ የምናጥብበት ውሃ የቧንቧ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። ከነዳጅ ማደያ የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ እንገዛ ነበር። የማደያው ሠራተኞች «የሽቶ ቤቷ ሴትዮ ስንት መኪና ነው ያላት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የተጣበቀ ክዳን የሚከፈተው እንዲህ ነው። ሰው ሲጨንቀው ወይ ይጠመዝዛል ወይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ሁለቱም ይሰብራል። እኛ በዶሮ ላባ ጫፍ አንድ ጠብታ ዘይት ክዳኑና አንገቱ የሚገናኙበት ላይ እንነካና እናሳድረዋለን። በማግስቱ የጨርቅ ጥብጣብ አንገቱ ላይ አንድ ዙር ጠምጥመን ወዲህና ወዲያ እንስባለን። አንገቱ ይሞቃል፤ ክዳኑ ገና ቀዝቃዛ ነው። ያኔ በማማሰያ እጀታ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ መታ መታ። የሚጠበቀው ድምፁ ነው። የተጣበቀ ክዳን ደረቅ ድምፅ አለው፤ ሊለቅ ሲል ውስጡ ይከፈትና ይጠራል። አንዲት የሙሽራ እናት አንድ ጥቁር ጠርሙስ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሌላ ቦታ «አይሆንም፣ አንገቱን ቁረጡት» ተብለዋል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ድምፁ ሲጠራ እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሰማሁት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጣበቀ ክዳን ሁሉ ለእኔ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻው ድረስ በዚህ የሚያህለኝ አላየሁም።

ማሸጊያው ደግሞ ያስቃል። ድሮ ፈረንሳዮቹ ክዳኑና አንገቱ ላይ ስስ የበሬ አንጀት ቆዳ ለብጠው በክር ያስሩት ነበር። እኛም እንደዚያው ነው የምናደርገው። ቄራ ሄጄ አንጀቱን አመጣለሁ፣ ላዩን እገፋለሁ፣ አጥቤ ሰሌዳ ላይ ወጥሬ አደርቀዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ሲታሸግ በውሃ ይርሳል፤ ሲደርቅ ጭምድድ ብሎ ይይዛል። መጀመሪያ ያመጣሁ ቀን ጋሽ ኑረዲን አፍንጫቸውን ይዘው መጡ።

«አስካለ፣ ሽቶ ቤቴን ልኳንዳ አደረግሽው!»

«ፈረንሳዮቹም በዚሁ ነው የሚያሽጉት፣ ጋሽ ኑሪ።»

«እሺ የማን እርድ ነው?»

«ሽቶውን ሊጠጡት ነው እንዴ?»

«እኔ አልጠጣም። ደንበኛ ቢጠይቀኝስ ምን ልበል?»

«ሁለቱም አለ ይበሉ። ለሙስሊሙ የሙስሊም፣ ለክርስቲያኑ የክርስቲያን።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በማግስቱ ግን እትዬ አስካለ ሁለት ሰሌዳ አዘጋጅተው ጠበቁኝ፤ በአንዱ ጥግ ላይ ጨረቃ፣ በሌላው ጥግ ላይ መስቀል በእርሳስ ሥለዋል። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ እንደዚያው ለይተን ሠርተናል። አንድም ደንበኛ ጠይቆን አያውቅም። እኛ ግን እናውቀዋለን።

ከለገሃር ወደ ካዛንቺስ የተዛወርነው ረድኤት ልትራመድ ስትል ነው። ቦታው ሰፊ፣ ቪትሪኑ ትልቅ፣ ደንበኛውም ሌላ ሆነ፤ የሆቴል ባለቤቶች፣ የውጭ ድርጅት ሠራተኞች፣ የጥንት የአዲስ አበባ ቤተሰቦች። የማልረሳውን ጥፋት ያጠፋሁትም እዚያ ነው።

እንዲገባችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። የእነዚያ ጠርሙሶች ክዳን የመስታወት ነው፤ ክዳኑና አንገቱ አንድ ላይ ተሞርደው ነው የሚገጣጠሙት። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ መልካቸው ቁርጥ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ክዳን አይዋዋሱም። እንዳይምታታ የፋብሪካው ሠራተኞች ጠርሙሱ ላይና የክዳኑ ቂጥ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጭሩበታል፤ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም። የእትዬ አስካለ ሕግ «አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ፎጣ» ነው። አንዱ ሳይታሸግ ሌላው አይከፈትም።

ወይዘሮ ሰሎሜ የምትባል ሴት የሽንሽኑን ጠርሙስ ከነግራጫ ካርቶኑ ይዛ መጣች። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጠርሙሱ የእናቷ ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሚሰፉላት ፈረንሳዊት ነች የሰጠቻቸው። ሽቶው አንድ ጣት ያህል ቀርቷል። እናቷ ካረፉ ወዲህ በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በሙት ዓመታቸው፣ ከፍታ ታሸተዋለች። በዚያ ዓመት ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ አላት።

«ፎቶዋ መልኳን ያሳየኛል» አለችን። «ድምፅዋን ረስቻለሁ። ጠረኗ ግን እዚህ ውስጥ አለ። እባካችሁ ቀስ ብላችሁ።»

እትዬ አስካለ ራሳቸው ከፈቱት። ሽቶውን ወደ ንጹሕ ዕቃ ገልብጠው «ነገ አጥበሽ፣ መልሰሽ ታሽጊዋለሽ» ብለውኝ እሳቸው በማግስቱ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ሄዱ።

ያን ቀን ረድኤት ኩፍኝ ይዟት ነበር። ጎረቤት ትቻት ነው የመጣሁት፤ እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ልቤ ቤት ነው። ጋሽ ኑረዲን ደግሞ የበዓል ገበያ ስለደረሰ የቪትሪኑ ጠርሙሶች ታጥበው እንዲያድሩ ፈልገዋል። ከእነሱ አንዱ የሱቁ ንብረት የሆነ ሌላ የሽንሽን ጠርሙስ ነው፤ የወይዘሮ ሰሎሜ መንታ። እሱን አጥቤ ሳልጨርስ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት፤ «ዘነቡ፣ ትኩሳቱ ጨምሯል፣ ነይ» አለችኝ።

ቶሎ ልጨርስ ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ አጠብኩ። ሁለቱንም ክዳን አንድ ፎጣ ላይ አስቀመጥኩ። ቁጥሩን አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። የወይዘሮ ሰሎሜ ጠርሙስ 68 ነው፣ የሱቁ 89። አንዱን ክዳን በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ 68 ይላል፣ ለ68 ገጠምኩት። ሌላው 89 ይላል፣ ለ89 ገጠምኩት። የክዳን ቂጥ ክብ ነው፤ ላይና ታች የለውም። 68ን ገልብጣችሁ እዩት። ሁለቱንም ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ሽቶውን መለስኩ፣ ሽፋኑን አለበስኩ፣ ክሩን አሰርኩና እየሮጥኩ ወደ ልጄ ሄድኩ።

ልጄ ዳነች። ወይዘሮ ሰሎሜም መጥታ ጠርሙሷን ወሰደች፤ ስማኝ ነው የሄደችው።

የእናቷ ሙት ዓመት ሲደርስ ተመልሳ መጣች። እትዬ አስካለ አልነበሩም። ግራጫውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው።

«ዘነቡ፣ ደርቋል።»

ጠርሙሱ ባዶ ነው። ታቹ ላይ ቡናማ ቀለበት ብቻ ቀርቷል፤ ሽፋኑም ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ክዳኑን በጣቴ ብነካው ወዘወዘ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በልኩ የተሞረደ ክዳን አይወዛወዝም።

እና ምን አልኩ? «አሮጌ ሽቶ ነው፣ እህቴ። ጊዜው ሲደርስ ይተናል» አልኳት።

«መስኮት አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት» አለች። «ፀሐይ እየነካው ይሆናል። እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ካርቶኑን ዘግታ፣ አመስግናኝ ወጣች። ክዳኑን በማሳሳቴ ልጅ ታሞ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ አውቃለሁ። «ሊሆን ይችላል» ላልኩት ግን ማጽናኛ አላገኘሁለትም። ያን ቀን ልጄ አልታመመችም። የፈራሁት እንጀራዬን ነው።

የሱቁን ጠርሙስ ከቪትሪኑ አወጣሁ። ክዳኑ ጠብቆ ገብቷል፤ ያለ ልኩ የገባ ነውና ሳወጣው ዋልኩ። አዟዙሬ አየሁት፤ 68። በማግስቱ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ክዳን ያላሳሳተ የለም፤ እኔም አሳስቻለሁ» አሉ። «ሴትየዋን ግን ለምን ጥፋተኛ አድርገሽ ሰደድሻት?»

ፎጣውን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ሂጂና ንገሪያት።»

ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ሄድኩ። ካዛንቺስ ከሱቁ ኋላ ባለው መንደር፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው። ሌላ ሰው ከፈተልኝ። «ለቀዋል» አለኝ። ጎረቤት ብጠይቅ አንዱ አዋሳ ይለኛል፣ አንዱ ናዝሬት። ለጋሽ ኑረዲን ትንፍሽ አላልኩም። እትዬ አስካለም አልተናገሩብኝም፤ የ68ን ክዳን በጥጥ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡት። «እስክታገኚያት ድረስ ያንቺ ሸክም ነው» አሉኝ። የ89ኙ ጠርሙስ ክዳኑ ከሰሎሜ ጋር ስለሄደ ከዚያ ወዲህ አልተሸጠም።

ያ ነገር ለሥራዬ ጠቀመኝ ብል ውሸት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጠርሙስ ሳልከፍት በፊት ክዳኑና አንገቱ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር አስራለሁ፤ ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ሰማያዊ። ክሩ የሚፈታው ታሽጎ ሲያልቅ ብቻ ነው። ይህን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ አንድ ሳምንት ሲያዩኝ ሰንብተው በስምንተኛው ቀን ራሳቸው ከኪሳቸው ቀይ ክር አወጡ። ከዚያ የበለጠ ሽልማት አላውቅም። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ክዳን ከቤቱ ውጭ አላደረም።

ሁለተኛው ጥቅሙ አፌን መክፈቱ ነው። ፉአድ ሥራውን ከአባቱ ሲረከብ ደምበል አካባቢ ቅርንጫፍ ከፍቶ እኔን እዚያ ወሰደኝ። የዘመኑን ሽቶ በሪባን መጠቅለል ነው ሥራው፤ እጄ ያንቀላፋበት ዘመን ነበር። አንድ ቀን ፉአድ አንድ ያረጀ የሚመስል የአበባ ጠርሙስ ገዝቶ መጣ፤ አንድ የውጭ ዜጋ ሊወስደው ቀጠሮ ይዟል። አነሳሁት፤ ታቹን ደግፌ። ከጎኑ የወጣው የዘመኑ ማሽን የቅርጽ ማውጫ መስመር አንገቱን አልፎ እስከ ከንፈሩ ይደርሳል። ክዳኑ ውስጥ ላስቲክ አለ። ቁጥር የለም። ቡናማው ቀለም በጥፍር ይነሳል።

«ፉአድ፣ ይሄ የትናንት ነው» አልኩት፣ ሰውየው ፊት።

«እትዬ ዘነቡ፣ ማለቴ... ቆይ፣ በኋላ እንነጋገር።»

«በኋላ የለም። አሁን ነው ሰውየው ያለው።»

ፉአድ ፊቱ ጠቆረ። ሰውየው ሳይገዛ ወጣ። በሳምንቱ ግን ተመልሶ መጣና ሌሎች ሦስት ጓደኞቹን አመጣልን፤ «የምትናገረዋ ሴትዮ የት አለች?» እያለ። ከዚያ ፉአድ ወደ ካዛንቺሱ መጋረጃ ጀርባ መለሰኝ። ሲቀልድ «እዚያ ብትሆኚ ለቢዝነሱም ለእኔም ይሻላል» ይለኛል። እትዬ አስካለ ደክመው ቤት ከዋሉ በኋላ ቦታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከሱቁ ዕቃ ወዳወጣንበት ቀን ልመለስ። ተካ የመጨረሻውን መደርደሪያ ሲነቅል አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከጀርባው ዱብ አለ። እትዬ አስካለ ቆርቆሮ እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ዝቃጭ የያዘውን የመጨረሻውን ጥቂት ሽቶ አይመልሱትም፣ አይደፉትምም። ጣት በምታህል ብልቃጥ ያስቀምጡታል። «ደንበኛው ደስ ብሎት ከሄደ ይደፋል፤ ካልሆነ ይፈለጋል» ይሉ ነበር። ሲያርፉ ቤተሰባቸው የወሰደው መስሎኝ ነበር።

ረድኤት ከፈተችው። ብልቃጦች በጥጥ ተጠቅልለዋል። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። አንዷ ብቻ እስከ አንገቷ ሞልታ፣ በሽፋን ታስራ፣ በላዩ ሰም ፈሶባታል። ረድኤት የተለጠፈባትን ወረቀት ወደ ብርሃን አዙራ አነበበች።

«ሰሎሜ። ስልሳ ስምንት። የእናቷ።»

እትዬ አስካለ ይህን ማስቀመጣቸውን ነግረውኝ አያውቁም። ካርቶን ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ተካ «ስኳሯ ነው፣ ውሃ ስጧት!» ይላል። ቦርሳዬን ከፍቼ በጥጥ የተጠቀለለውን ክዳን አወጣሁና ከብልቃጧ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትኩሳቱን፣ ፎጣውን፣ ቁጥሩን፣ «ሊሆን ይችላል» ያልኩትን።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ኑረዲን ናቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀሽኝ?»

«አዎ ጋሽዬ።»

«ያኔ ብሰማ አባርርሽ ነበር።» ወለሉ ላይ የተቆለለውን ሳንቃ አዩና «አሁን ደግሞ ማባረሪያ ሱቅ የለኝም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈልጊያት ዘነቡ» አሉኝ።

ረድኤት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ማሚ፣ እኔ ነኝ አይደል ያሳሳትኩሽ?»

«ትኩሳቱ ያንቺ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዳትነኪብኝ።»

ተካ ብልቃጧን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። «እንዲያው ትንሽ ከፈት አድርገን ብናሸታት? ይህን ሁሉ ዓመት የቆየ ሽቶ ምን እንደሚሸት...»

«አስቀምጣት!» አልን፤ አራታችንም በአንድ ቃል። ፉአድ ስልኩን ዘግቶ ነው የጮኸው።

አልከፈትኳትም። እስከ ዛሬም አላሸተትኳትም። ያ ጠረን የአንዲት ሴት እናት ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ክዳኑን አጥቤዋለሁ፣ በባትሪ ውሃ። ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ሥራዬን በኩራት የማወራ ሰው ነኝ፤ በእጄ ያለፈው ጠርሙስ ሁሉ ቢደረደር ጎተራ ያለውን ብሎካችንን ይዞራል፤ ያፈርኩበት አንዱ ነው። እሱም ቢሆን ገና ታሽጎ አላለቀም።

ወይዘሮ ሰሎሜ፣ ይህ ከደረሰሽ፣ ፀሐዩ አይደለም፣ መስኮቱም አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም። እኔ ነኝ።

እናቷ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ካዛንቺስ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ካለው ግቢ ወደ አዋሳ ወይም ወደ ናዝሬት የሄደች፣ ዛሬ ስልሳ ዓመት የሚጠጋት ሰሎሜ የምትባል ሴት የምታውቁ ሰዎች፣ የት እንዳለች ንገሩኝ።